ገመና ሳይወጣ ነውር ሲነገር

ጠጋ በሉና ስሙኝማ። የማወጋችሁ ስለ ጎጃም ነው፤ ስለ ደብረ ማርቆስና ስለ ዙሪያዋ፣ ስለ ደብረ ኤልያስ፣ ስለ ዲማ፣ ስለ ዋሸራና ስለ ጎንጅ። የጮቄን ብርድ የለመደው ይህ ደገኛ ቁጥብ ሰው ነው። ቤቱ ውስጥ የሆነውን ደጅ አያወጣም። ሲጸልይ እንኳ «ገመናዬን ሸፍንልኝ» ይላል። ስለ አልጋ ነገር አያነሣም፤ ስለ ማህፀን ሕመም አያወራም፤ ልጁን በስንት ዓመቷ እንደዳራት ቢጠየቅ ዓመቱን ከፍ አድርጎ ይመልሳል።

ይኸው ሰው ግን ነውር ያለውን ሁሉ በሰው ፊት የሚናገርባቸው አደባባዮች ከጥንት ጀምሮ አሉት። እዚያ የተጻፈ ነገር የለም፤ ልምምድ የለም፤ ቃሉ የሚፈልቀው እዚያው፣ ሰሚው ዓይን ዓይኑን እያየው ነው። ዛሬ ያለ ጽሑፍ ስለሚሠራ ቲያትር ሲወራ ስንሰማ ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ይመስለናል። እኔ የምለው ለዚህ አገር አዲሱ ነገር ጽሑፉ ነው።

ከቅኔው ልነሣ። የቅኔ ተማሪ ጠዋት ዞሮ ቁራሹን ለምኖ፣ አኩፋዳውን ሰቅሎ፣ ደበሎውን ተከናንቦ ከአንድ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አይሰማም። ቅኔ እየቆጠረ፣ ማለትም በልቡ እየገጠመ ነው። ጓደኛው በአጠገቡ ቢያልፍ ቀና አይልም። ማታ ከመምህሩ ፊት ቆሞ የቆጠረውን ይነግራል፤ መምህሩም ምሥጢሩ ካልገጠመ፣ ቤቱ ካልመታ ይነቅፈዋል፤ ነገ ሌላ ይዞ ይምጣ። የበሰለው ተማሪ ከዚህ ያልፋል። እሱ ይዘርፋል፤ ማለትም ቀድሞ ሳይቆጥር፣ እንደቆመ፣ በአፉ እንደመጣለት ያወርደዋል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ እንዲህ ይዘረፋል። የትናንቱን ዛሬ የሚደግም፣ የሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ባለሙያ አይባልም።

በበዓል ቀን ማኅሌቱ ላይ ሲደርስ ነው እንግዲህ ነገሩ ነፍስ የሚዘራው። አለቃው ቆመዋል፤ ባላባቱ ቆመዋል፤ ገዥው ቆመዋል። ባለቅኔው እግዚአብሔርን ያመሰግናል። ሰሙ ሰማዕቱን ይጠራል፤ ወርቁ የታቦቱን ክብር ያነሣል። ከዚያ ከሥሩ ደግሞ ውስጠ ወይራው አለ። ደሃ የተበደለበት መሬት፣ የተሸሸገ ጉቦ፣ የአለቃው የጓዳ ነገር እዚያ ውስጥ ይቀበራል። የገባው «ይበል!» ይላል፤ ያልገባው ከገባው ጋር አብሮ «ይበል!» ይላል። የተነካው ሰው ምን ያድርግ? «እኔን ነው የሰደበኝ» ብሎ ቢነሣ ሥራውን በገዛ አፉ መመስከሩ ነው። ስም አልተጠራበትም። ስለዚህ ዝም ይላል፤ ዝም ብሎም ቤቱ ሲገባ ያስበዋል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

እዚህ ላይ ሳላነሣቸው የማላልፋቸው እናት አሉ። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ሴት ነበሩ፤ ጽላሎ ላይ ወንበር ዘርግተው ወንዶች ሊቃውንትን ቅኔ አስተምረዋል። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ጉባኤ ቤት ደጃፍ ማለፏ ራሱ ያስገርም ነበር። የጎጃም ጆሮ ግን ቅኔው ከመታ ዘራፊው ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ለዚህ ነው ይህን አገር የምወደው።

ከማኅሌቱ ወጥተን ጠጅ ቤት እንግባ። ማሲንቆው አንድ ጭራ፣ ቆዳ የተወጠረበት ሳጥን፣ አንድ ደጋን ነው። አዝማሪው ቤቱን እየዞረ ፊት ያነባል። ማን ተከፍቷል? ማን ከማን ጋር ተኳርፏል? ከጥግ የተቀመጠው እንግዳ ብርሌውን ያስቀምጥና «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው ጭራውን ገታ፣ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። እንግዳው ሁለት ስንኝ ጣል ያደርጋል፤ አዝማሪው ወዲያው በዜማ አንሥቶ ለቤቱ ሁሉ ያደርሳል። ከሌላው ጥግ ደግሞ መልስ ይመጣል፤ «ተቀበል!»። ሚስቱ የከዳችው፣ ወንድሙ ርስቱን የነጠቀው፣ ዳኛው የጨቆነው፣ ለማንም የማይናገረውን እዚያ ይናገረዋል። ስንኙን ያፈለቀው አንዱ ነው፤ ያዜመው ሌላው ነው፤ አብሮ ያጨበጨበው ደግሞ ቤቱ በሙሉ ነው። ነገ «ማን ተናገረ?» ተብሎ ቢጠየቅ ባለቤት አይገኝለትም።

ይህን ጉልበት ጠላት ከእኛ ቀድሞ አውቆታል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሽስቶቹ እያደኑ ከገደሏቸው መካከል አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ይገኙበታል። ጠመንጃ አልያዙም ነበር። ከገበያ ወደ ገበያ ወሬ ያደርሱ ነበር፤ የኢጣሊያን ቀን እንደሚያልቅ በዜማ ይናገሩ ነበር። ወረቀት ቢሆን ይቃጠል ነበር፤ በአፍ ላይ ያለውን ግን ለማጥፋት አፉን መግደል ነበረባቸው።

አንድ በደል ግን ከእኛው ወገን አለ፤ አልደብቀውም። ይህ አገር የአዝማሪውን ቃል ወዶ አዝማሪውን ንቋል። ለሚያስቀው፣ ለሚያስለቅሰው፣ ገመናውን ተሸክሞ ለሚዞርለት ሰው ልጁን አይድርለትም ነበር። ነውርን የሚናገርልንን ሰው ራሱን ነውር አደረግነው። ዛሬም መድረክ ላይ የምትወጣ ልጃገረድ በገጠር ከተሞች የሚደርስባት ሐሜት ከዚያው የተቀዳ ነው።

ሦስተኛው አደባባይ ለቅሶ ነው። የሟች ጋቢ፣ ፎቶግራፍ፣ ጠመንጃ ተይዞ ሰዉ ክብ ሠርቶ ሲቆም ሙሾ አውራጇ ወደ መሐል ትገባለች። እሷም አልጻፈችውም። የሟቹን ሥራ፣ የደረሰበትን ግፍ፣ የተበላበትን እዳ፣ ያልተፈጸመለትን ቃል እያነሣች ታወርደዋለች። ወልዳ መነሣት ያቃታት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ስትሞት እናትዬዋ በሙሾ «ለምን በልጅነቷ ሰጣችኋት» ብትል ማን ዝም ያሰኛታል? አባት ይሰማል፤ ሽማግሌዎቹ ይሰማሉ፤ አንገታቸውን ይደፋሉ። በሌላ ቀን ብትናገረው «አፏን ያላረመች» ትባል ነበር። በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ሲሞት ጎጃም እንዲህ ነው ያለቀሰው። ንጉሠ ነገሥቱን በግልጽ መውቀስ በማይቻልበት ጊዜ የአምስት ዓመቱ አርበኛ እንዴት በወገኑ ገመድ ሞተ የሚለው ጥያቄ በሙሾና በእንጉርጉሮ ከቤት ቤት ዞሯል።

ከዚያ ወረቀቱ መጣ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎችን ኮሜዲያ ጽፈው አዲስ አበባ ላይ በ1913 ዓ.ም. አካባቢ ሲያሳዩ አውሬዎቹ ቤተ መንግሥቱን የሚተቹ ሆኑና ቲያትር ተከለከለ። የደብረ ኤልያሱ ልጅ ዮፍታሔ ንጉሤ ደግሞ ከቅኔ ቤት የቀሰመውን ይዞ መድረክ ላይ ወጣ፤ «አፋጀሽኝ»ን የመሰሉ ተውኔቶችን ጻፈ። መንግሥቱ ለማ በ«ጠልፎ በኪሴ» የጠለፋን ነገር አነሣ። በዚያ ዘመን በሥራ ላይ የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባ ከቅጣት ያድነው እንደነበር ለማያውቅ ልንገረው። ይህ የተሻረው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። ስለዚህ መንግሥቱ ለማ ሰዉን እያሳቀ ያነሣው ነገር ቀላል አልነበረም።

ሆኖም የተጻፈ ተውኔት አንድ ድካም አለበት። አስቀድሞ ይነበባል። ሳንሱር በሕግ እስከ ቀረበት እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ እያንዳንዱ መስመር በአንድ ባለሥልጣን ጠረጴዛ ላይ ያልፍ ነበር። ከዚያ ወዲህም ቢሆን ሌላ አንባቢ አለ፤ ገንዘብ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ደረስኩ። በ1990ዎቹ የፀረ ኤድስ ክበባት በየትምህርት ቤቱ ሲቋቋሙ፣ በኋላም ያለ ዕድሜ ጋብቻን ለማስቀረት ዘመቻው ሲጠነክር፣ በጎጃም ገጠር አንድ ዓይነት ድራማ ተስፋፋ። ያላየው ሰው ያለ አይመስለኝም። አንድ ልጅ ጥጥ ጺም ለጥፎ አባት ይሆናል። ሌላው ሻሽ አስሮ እናት ይሆናል። አባትየው ሰካራም ነው፤ ይንገዳገዳል፤ ልጁን ለአንድ ሽማግሌ ሊድር ነው። ልጅቷ ታለቅሳለች። መምህሯ ይመጣሉ፤ ፖሊስ ይመጣል፤ አባት ይጸጸታል። ሁሉም ተሰልፈው መፈክር ያሰማሉ። ወላጆች ይስቃሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ጥር ሲገባ የሰርጉ ዳስ ይተከላል።

ለምን? ሜዳው ላይ የተቀመጠው አባት ሰካራም አይደለምና። ልጁን ይወዳል። ዕድሜው ሳያልፍ የልጅ ልጁን ማየት ይፈልጋል። ልጁ ከአጎራባች ቀበሌ ትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ እንዳትጠለፍ ይፈራል። አርግዛ ብትመጣ ፈላጊ አታገኝም፤ «ቆማ ቀረች» ከሚለው ሐሜት የሚያድናት የለም። ከአማቹ ጋር ቃል የተጋባው ልጆቹ ገና ሲድሁ ነው፤ ቃሉን ቢያጥፍ ዝምድናው ይፈርሳል። ድራማው ይህን ሁሉ አልጠየቀውም። ጥጥ ጺም የለጠፈውን ሞኝ አሳየው፤ እሱም «እኔ እንደዚህ አይደለሁም» ብሎ በንጹሕ ልቡ ሄደ። ሕጉ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው ይላል። ሕጉን ያውቀዋል። ያላገኘው ጭንቀቱን አውጥቶ የሚናገርበት ቦታ ነው።

ብራዚላዊው የቲያትር ሰው አውጉስቶ ቦአል ተመሳሳይ ነገር ገጥሞት መፍትሔ ፈልጓል። እሱ የጀመረው ቲያትር ታሪኩን እስከ መጨረሻው አይወስደውም። ችግሩ በከረረበት ቦታ ያቆመዋል፤ ከተመልካቹ አንዱ ይነሣና የባለታሪኩን ቦታ ወስዶ የራሱን መንገድ ይሞክራል። ሌላው ተነሥቶ ሌላ ይሞክራል። በአዲስ አበባም ከጎዳና ሕይወት የወጡ ወጣቶች የተሰባሰቡበት አዱኛ የዳንስ ቲያትር ቡድን በዚህ መንገድ ሠርቷል። እኔ ግን ይህን ስሰማ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ብራዚል አይደለም፤ ያ ብርሌውን አስቀምጦ «ተቀበል!» የሚለው እንግዳ ነው።

እስቲ አንድ ነገር እናስብ። ቅዳሜ ገበያ ከተፈታ በኋላ ነው እንበል፤ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሜዳ። ልጆቹ ጽሑፍ አልያዙም። የያዙት ነገር ቢኖር ይህችን ሁኔታ ብቻ ነው፦ ሽማግሌዎች ደጅ ቆመዋል፤ ልጅቷ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ አባት ገና አልመለሰም። ሽማግሌው «የእግዚአብሔር እንግዶች ነን፤ ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል» ይላሉ። እናት የሆነችው ተማሪ ትርበተበታለች። እዚህ ላይ አስተናባሪው ይነሣና «ማን ይቀበል?» ይላል።

ሜዳው ጸጥ ይላል። ከኋላ አንዲት እናት ብድግ ይላሉ። የተማሪዋን ነጠላ ተቀብለው ይለብሱና በርጩማው ላይ ይቀመጣሉ።

«አባቶቼ፣ አክብራችሁ መጣችሁ፤ እግዜር ያክብርልኝ። ልጄ ግን ገና ናት።»

ሽማግሌ የሆነው ተማሪ አልተሸነፈም፤ አያቱ የሚሉትን ያውቃል። «እመቤቴ፣ ለጋብቻ ገና የሚባል የለም። እርስዎንስ በስንት ዓመትዎ ነው የዳሩዎት?»

«በአሥር ዓመቴ።» ትንሽ ዝም ይላሉ። «ስለማውቀው ነው እምቢ ያልኩ።»

ይህን መስመር የትኛው የቢሮ ጽሑፍ ይጽፈዋል? የትኛው መፈክር ይተካዋል? ቀጥሎ አንድ አባት ተነሥተው «እኔ ደግሞ አባትየውን ልሁን» ይላሉ፤ የቃል ኪዳኑን፣ የመሬቱን፣ የጠለፋውን ፍርሃት ያወጡታል። ክርክሩ ያኔ ይጀመራል። በዚያ ክርክር ውስጥ ስለ ደም፣ ስለ መጀመሪያው ሌሊት፣ በልጅነታቸው ወልደው ሽንታቸውን መቆጣጠር ስላቃታቸው፣ በሽታው «እርግማን» ተብሎ ጓዳ ስለተደበቁ ሴቶች ይነሣል። ባሕር ዳር ይህን ሕመም የሚያክመው የሐምሊን የፌስቱላ ሕክምና ማዕከል በ1997 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ስንቷ ታክማ ቤቷ ገብታለች፤ ዛሬም ግን ሕመሙን በስሙ መጥራት የሚያሳፍራት፣ ሕክምና እንዳለው ያልነገሯት አለች። ነውሩ በአደባባይ ካልተነገረ መድኃኒቱም አይደርሳትም።

አሁን ቅድም ልብ በሉልኝ ወዳልኩት ልመለስ። እኚያ እናት «በአሥር ዓመቴ» ሲሉ የተናገሩት እንደ ባለታሪኳ ነው። የራሳቸው ይሁን፣ የእህታቸው ይሁን፣ ያፈለቁት ይሁን ማንም ሊጠይቃቸው አይገባም። አስተናባሪው «እውነት ነው እንዴ፣ እማማ?» ያለ እንደሆነ ገመናቸውን አወጣው። በቅኔው ስም አይጠራም፤ በአዝማሪው ቤት ስንኙ ባለቤት የለውም። አባቶቻችን ይህን ጥበብ ያለ ምክንያት አላበጁትም። ሰው ነውርን በፊት ለፊት ሊናገር የሚችለው ከኋላው መሸሸጊያ ሲኖረው ነው።

በ1967 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ የተጀመረ ፕሌይባክ የሚባል ሌላ የቲያትር ዓይነት አለ። ተመልካቹ የራሱን የሕይወት ታሪክ ይናገራል፤ ተዋንያኑ እዚያው በዚያው ያሳዩለታል። ሰው ከሰው በማይተዋወቅበት ከተማ ያምር ይሆናል። በአንድ ምንጭ በሚቀዱበት፣ በአንድ ማኅበር በሚጠጡበት አገር ግን አልደግፈውም። የተደፈረች ልጅ በትምህርት ቤት ሜዳ ታሪኳን ብትናገር ማታ ደግማ የምትገባው እዚያው መንደር ነው። በኤድስ ዘመን «ውጡና አስተምሩ» ተብለው መድረክ ላይ ከወጡ ሕሙማን መካከል ጭብጨባውን ተቀብለው ሲመለሱ ቤት የሚያከራያቸው፣ ከእጃቸው ቡና የሚጠጣ ያጡ ነበሩ። ድፍረታቸውን አከብራለሁ። ያወጣቸው ሰው ግን አብሯቸው ቤት አልገባም።

ስለዚህ በዚህ ሥራ ከተዋናዩ ይልቅ ለአስተናባሪው እጨነቃለሁ። ጨዋታው መቼ እንደሚቆም፣ ማን ማንን ሊነካ እንደደረሰ፣ የየትኛዋ ልጅ ፊት እንደተለወጠ ማየት ያለበት እሱ ነው። ቅኔ ቤት መምህር ከሌለ ዘረፋ የለም፤ እዚህም እንዲሁ መሆን አለበት። ከጨዋታው በኋላ ልጅቷ ብቻዋን መጥታ የምታናግራት አንዲት ሴት መምህር ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በሜዳው ላይ ካልተገኘች ባይጀመር ይሻላል እላለሁ።

መነጋገር ፍሬ እንደሚያፈራ በአገራችን ታይቷል። ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. ሞሰቦ በምትባል የአማራ ክልል ገጠር «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ሥራ ነበር። ልጃገረዶቹ በቡድን ይገናኙ ነበር፤ የመንደሩ ሰው ቁጭ ብሎ ስለ ጋብቻ ዕድሜ ይወያይ ነበር፤ ልጁን ሳይድር የቆየ ቤተሰብ በመጨረሻ የቤት እንስሳ ይሰጠው ነበር። በጥናቱ መሠረት ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ትምህርት ቤት የመቆየታቸው ነገር ጨመረ፤ መዳራቸው ቀነሰ። አባትን ሞኝ አድርጎ ያሳየ አልነበረም፤ አስቀምጦ አነጋገረው እንጂ።

ዛሬ ደግሞ ጊዜው ከፍቷል። በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ደጃቸው ተዘግቶ ከርሟል። ልጅቷ ቤት ስትውል የሽማግሌው ደጅ መምጣት ይቀርባል፤ አባትም «ቢያንስ ባል ይጠብቃት» ይላል። እንዲህ ባለ ጊዜ መድረክ፣ መብራት፣ የታተመ ጽሑፍ የሚጠይቅ ቲያትር ሊደርስላት አይችልም። ያለ ጽሑፍ የሚሠራው ግን ሰንበቴ ላይ፣ ከዋርካ ሥር፣ ቡና በተፈላበት ቤት ይሠራል። አምስት ልጆችና አንድ አስተዋይ አስተናባሪ ይበቁታል።

እናንተ የክበብ መምህራን፣ እናንተ የባህልና የሴቶች ጉዳይ ባለሙያዎች፣ አደራዬ ለእናንተ ነው። ጥጥ ጺሙን ጣሉት። መፈክሩን ለሌላ ቀን አቆዩት። ለልጆቹ ሁኔታውን ስጧቸው፤ ቃሉን ከአያቶቻቸው ያውቁታል። ለእናቶችና ለአባቶች «ተቀበል» በሏቸው። ስም አታስጠሩ፤ «የማን ታሪክ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሥራውንም ለሰኔ የትምህርት መዝጊያ በዓል አታቆዩት። በኅዳርና በታኅሣሥ ይሁን፤ ሰርጉ በጥር ነውና።